ኢሊያስ ያላዘዘው ሰርቪስ

ኢሊያስ ለግማሹ ወላይታ ሶዶ ሚስማር ሸጧል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ሱቁ ከገበያው ወደ ላይ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነው። ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ፣ የበር እጀታ፣ ቀለም፣ ሲባጎ፣ የቧንቧ መገጣጠሚያ፣ ሁሉም አለ። አብረን በከተማው ስንሄድ አዲስ ቤት ካየ ይቆምና "ያቺ ቢጫዋ ጣሪያዋ ከእኔ ነው የሄደው" ይላል፤ ልጁን የዳረ አባት ይመስል። እሱ ራሱ ግን እስከ ዘንድሮ ድረስ ሚስማር የሚመታበት የራሱ ግድግዳ አልነበረውም። አባቱ ከስልጤ በወጣትነታቸው መጥተው በሶዶ ተከራይተው ኖሩ፣ ተከራይተው እንዳሉ አረፉ። ኢሊያስም በኪራይ ቤት ተወለደ፣ በኪራይ ቤት ዙህራን አገባ፣ ቢላልንና ሰልሳቢልን በኪራይ ቤት አሳደገ።

በሱቁ የኋላ ግድግዳ ላይ በሽቦ የተሰኩ ዘጠኝ ጓጉንቸሮች ተንጠልጥለዋል። አይሸጡም። ከገጠር የመጣ ደንበኛ አንዱን ጠቁሞ ዋጋ ሲጠይቅ ኢሊያስ "እሱ ዕቃ አይደለም፣ አድራሻ ነው" ይለዋል። ቤት የተከራየ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው፤ ተከራይ ሲገባ ጓጉንቸሩን ራሱ ይገዛል፣ ሲወጣ ነቅሎ ይዞት ይሄዳል። ዘጠኝ ጓጉንቸር ዘጠኝ ቤት ነው። አራተኛው፣ ትልቁና ዝገት የበላው፣ የእማማ እልፍነሽ ግቢ ነው። እኔ ኢሊያስን ያወቅኩት እዚያ ነው።

በ1990 ዓ.ም. ከጎጃም በመምህርነት ተመድቤ ሶዶ ስገባ እማማ እልፍነሽ ሦስት ተከታታይ ክፍሎች ያሉት ሰርቪስ ነበራቸው። ሦስተኛው ለእኔ ደረሰኝ። መካከለኛው ላይ አዲስ ሙሽሮቹ ኢሊያስና ዙህራ ነበሩ። የመጀመሪያው ክፍል ሰው ይለዋወጥበታል፤ አንድ ዓመት ልብስ ሰፊ፣ በሚቀጥለው የግብርና ሠራተኛ። ግድግዳው ጭቃ ነው፣ ያውም ቀጭን ጭቃ። ዙህራ ሽንኩርት ስታቁላላ በእኔ ክፍል እኔ አለቅሳለሁ። እኔ የፈተና ወረቀት ሳርም ተናድጄ እርሳስ ስወረውር ኢሊያስ ከወዲያ "ስንት አመጣ?" ብሎ ይጮኻል። ዛሬም አንዳንድ ቀን በራሴ ቤት ጸጥታ ውስጥ ተቀምጬ ያንን ድምፅ የምጠብቅ ይመስለኛል።

እማማ እልፍነሽ ባላቸው ሞተውባቸው ነበር። ልጆቻቸው አንዱ ሃላሌ፣ አንዷ አርባ ምንጭ ሥራ ይዘው ወጥተዋል። ግቢውን እሳቸው በወላይትኛም በአማርኛም እየተቆጡ ያስተዳድሩታል። ሕጋቸው ብዙ ነበር። ልብስ የሚታጠበው ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ነው። ሦስት ቀን ያለፈ እንግዳ መጥቶ ስሙን ይነግራቸዋል። የአቮካዶው ፍሬ ወድቆ ቢገኝ እንኳ ያለ ፈቃድ አይነሳም። ከሁሉ የከፋው የመብራቱ ሕግ ነበር። የሦስቱም ክፍሎች መብራት የሚጠፋው ከእሳቸው ሳሎን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ሲሆን አንድ ጊዜ "ቀጭ!" ይልና ሰርቪሱ በሙሉ ይጨልማል። ከዚያ በጨለማ ክፍል ውስጥ ምን ይሠራል? አንድ በአንድ እየተደናበርን በረንዳው ላይ እንወጣለን። እሳቸው ፋኖሳቸውን አብርተው፣ የተቀቀለ ጎደሬ በሳፋ ይዘው፣ ቀድመውን ተቀምጠው እናገኛቸዋለን።

ኢሊያስ ያን ጊዜ በግሉ ማትሪክ ለመውሰድ ያጠና ነበር። ቀን ሱቅ ተቀጥሮ ይሠራል፣ ማታ ማታ እኔ ሒሳብ አስረዳዋለሁ። ገና ሁለት ጥያቄ እንደሠራን "ቀጭ!" ይላል። ደብተሩን እንደያዘ ወደ በረንዳው ይወጣል፤ እያጉረመረመ ጎደሬውን ይበላል። በዓመቱ ማትሪኩን ወደቀ። ከዚያች ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ማለ። "መምህር፣ ወላሂ፣ አላህ ቤት ከሰጠኝ የማንንም ሰው መብራት የማጠፋ ሰው አልሆንም። አከራይ የሚባል ነገር ከእኔ አይወጣም።"

አምና የቤት መሥሪያ ቦታ ካርታ እጁ ገባ። ከዋናው መንገድ ገባ ያለ፣ ጠፍጣፋ፣ በስተጀርባው የጎረቤት ማንጎ ጥላ የሚጥልበት ቦታ ነው። ፕላን አሠራ። ሳሎን፣ አራት መኝታ ቤት፣ ማድ ቤት፣ መታጠቢያ፣ በቃ። ክርክሩም የተጀመረው እዚሁ "በቃ" ላይ ነው።

ዙህራ ሰርቪስ ይኑረው አለች። ከጀርባ ያለው ቦታ ባዶ ከሚቀር አንድ ሁለት ክፍል ይሠራበት፣ አንዲት የኦቶና ሆስፒታል ነርስ ወይም አንድ አስተማሪ ይግባበት፣ ኪራዩም ለሰልሳቢል ትምህርት ይደግፋል አለች። ኢሊያስ ለሰልሳቢል እኔ አለሁ አላት። ለእርጅናችንስ ስትለው ለእርጅናችን ሱቁ አለ አላት። እሷ በገንዘብ ትመጣበታለች፣ እሱም በገንዘብ ይመልስላታል። ሁለቱም ስለ ገንዘብ እያወሩ አልነበረም።

የእሱን አውቅ ነበር። የእሷን ያወቅኩት አንድ ቀን ጓጉንቸሩ ገና በሩ ላይ ወዳለው አሥረኛው ቤታቸው ስሄድ ነው። ልጆቹ ከወጡ ወዲህ፣ ቢላል ድሬዳዋ ሥራ ይዞ፣ ሰልሳቢል ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ባልና ሚስቱ አንድ ሙሉ ግቢ ተከራይተው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ኢሊያስ ደግሞ በሳምንት ሁለት ቀን ተበላ ከተማ ይወርዳል። እዚያ አነስ ያለች ሱቅ ከፍቷል፤ የገበያ ቀን የሑምቦ ወረዳ ሰው ሁሉ ከሚሰበሰብበት መሐል ቆሞ ቆርቆሮ ሲያስለካ እንደ ሠርገኛ ነው የሚያደርገው። በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ የብዙ ሰው ጫጫታ ሰማሁ። እንግዳ አላችሁ ብዬ ልመለስ ስል ዙህራ ከፈተች። ሳሎን ውስጥ አንድ ሬዲዮ ዜና ያነባል፤ ማድ ቤት ውስጥ ሌላ ሬዲዮ ይዘፍናል።

"ምንድን ነው ይሄ ሁሉ?" አልኳት።

"ሰው ነዋ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋን አቋረጠች። "እሱ ተበላ በሄደ ቀን ሁለቱንም እከፍታቸዋለሁ። ከአንዱ ክፍል ወደ አንዱ ስሄድ ሰው ያለ ይመስለኛል። እዚህስ ኪራይ ቤት ነው፣ እንለቃለን ብዬ እጽናናለሁ። አዲሱ ቤት ግን የመጨረሻው ነው፣ መምህር። እዚያም እንዲህ ከሆነ ወዴት እለቃለሁ?"

"ለምን አትነግሪውም?"

"ብነግረውማ ተበላ መሄዱን ይተዋል። ከተወ ደግሞ ቤት ተቀምጦ የድስቴን ክዳን ሲያስተካክል ሊውል ነው። እሱም ይሞታል፣ እኔም አብሬው። እንዳትነግረው፣ በቢላል!"

በልጇ ስላስማለችኝ አልነገርኩትም። ኢሊያስ ሱቅ ስሄድ ግን ባገኘሁት አጋጣሚ "ሰርቪስ እኮ ክፉ አይደለም" እያልኩ እወጋው ነበር። "አንተ ከማን ወገን ነህ? አብረን አይደል በጨለማ ጎደሬ የበላን?" ይለኛል።

ቤቱን ለመሥራት የተዋዋለው ግንበኛ ሀብተጊዮርጊስ ይባላል፤ ከተማው ጋሽ ሀብቴ ነው የሚለው። ጋሽ ሀብቴ አንድ የሥራ ልማድ አለው። መሠረት ከመቆፈሩ በፊት ችካል ይተክላል፣ ሲባጎ ይወጥራል፤ ከዚያ ቤቱን በሙሉ፣ በሩን ሳይቀር፣ በኖራ መሬት ላይ ይስላል። ከዚያ ባለቤቶቹን "አንድ ከሰዓት ኑሩበት" ይላቸዋል። ምክንያት አለው። አንድ ቤተሰብ ማድ ቤቱ ከምራትየዋ መኝታ ቤት ፊት ለፊት ሆነ ብሎ አንዴ የወጣ መሠረት ሦስት ጊዜ አስፈርሶታል። "ኖራውን በእግራችሁ ጥረጉት፣ አልጣላችሁም። ድንጋይ ከገባ በኋላ ግን እንዳትጠሩኝ" ይላል። ሰዎችም ምንጣፍና ወንበር ይዘው ይመጣሉ፣ ወዳጅ ዘመድ ይጠራሉ፤ አየር ላይ ባለ ቤት ውስጥ ሻይ ይጠጣሉ።

የኢሊያስ ቀን ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሦስታችን፣ እሱ፣ ዙህራና እኔ፣ ልናይ ሄድን። ኢሊያስ ፕላኑን በእጁ ዘርግቶ እንደ ሹም እየተራመደ ክፍሎቹን ቆጠረ። ሳሎን አለ። መኝታዎቹ አሉ። ማድ ቤት አለ። ከዚያ ቆመ። ከጀርባ፣ በአጥሩ ሥር፣ ከማንጎው ጥላ ውስጥ አንድ ረጅም ነጭ መስመር ሦስት በር ይዞ ተጋድሟል።

"ጋሽ ሀብቴ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ሰርቪስ ነዋ።"

"የምን ሰርቪስ? ፕላኑ ላይ የት አለ?"

ጋሽ ሀብቴ ፕላኑን ተቀብሎ አየው። አዙሮ አየው። ጀርባውንም ገልብጦ አየው። "የለም" አለ ቀስ ብሎ። "የለችም እኮ! ታዲያ ማን አስምር አለኝ?"

"እኔ ነኝ አንተን የምጠይቅህ!"

"ሐጂ፣ ስማኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት ስገነባ ሰርቪስ የሌላት ቤት ሠርቼ አላውቅም። ዋናውን ስጨርስ እጄ ወደዚያ ሄደች። እሷ ነች ያሰመረችው፣ እኔ የለሁበትም።"

"ሐጂ አትበለኝ፣ ገና አልሄድኩም!" አለና ኢሊያስ ወደ ሚስቱ ዞረ። "ስንት ሰጠሽው?"

"እኔ? ወላሂ አላየሁትም!" ዙህራ በነጠላዋ አፏን ይዛ ትስቃለች።

"እንግዲያው ምን ያስቅሻል?"

"የእጁ ነገር ነዋ! እጁ እንኳ የገባውን ነገር…" ብላ ቀረች።

ኢሊያስ ተናዶ መስመሩን በጫማው ያሻሽ ጀመር። ኖራው ሊጠፋ አልቻለም፤ ጫማው ነጣ፣ መስመሩም ወደ ውጭ ተንሸራቶ ሰፋ። ጋሽ ሀብቴ ራሱን እየነቀነቀ "አሁንማ ክፍሏን አሳደግካት። ተዋት። ዳሞታ ደመና ለብሷል፣ ዛሬ ሳይመሽ ዝናቡ ራሱ ያጠፋልሃል" አለው። ኢሊያስ ሽቅብ ተራራውን አየና ተወው።

ከሰዓት ሰዎች መጡ። ዙህራ የጠራችው ጥቂት ሰው ነው፤ የእኔን ባለቤት፣ ሁለት ጎረቤት፣ እና እማማ እልፍነሽን። ኢሊያስ እማማ እልፍነሽ እንደሚመጡ የሰማው ባጃጁ ቆሞ ከዘራቸው ከውስጥ ሲወጣ ካየ በኋላ ነው። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ጀርባቸው ጎብጧል፣ ድምፃቸው ግን ያው ነው። መጥተው በኖራው በር ፊት ለፊት ቆሙና በከዘራቸው መሬቱን መቱ።

"ቤቶች!"

"ይግቡ እማማ፣ ክፍት ነው" አለ ኢሊያስ ከሳሎኑ ምንጣፍ ላይ።

"በተዘጋ በር እንዴት እገባለሁ? ተነስና ክፈት!"

ኢሊያስ ግራና ቀኝ አየ። ሰዉ ሁሉ ይጠብቀዋል። ተነሳ፣ ወደ ባዶው አየር ሄደ፣ እጀታ የያዘ መስሎ ጠመዘዘና ከፈተ። እማማ እልፍነሽ ገቡ። የባጃጁ ሹፌር ዘንቢላቸውን ይዞ በአቋራጭ ሲከተላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ "ግድግዳውን! ግድግዳውን!" ብለው ጮኹበት፤ ደንግጦ ወደ ኋላ ተመልሶ በበር ዞሮ ገባ።

እማማ እልፍነሽ አልተቀመጡም። ቤቱን ይመረምሩ ጀመር። ማድ ቤቱ ጠበበኝ አሉ። መታጠቢያው ሰፋ፣ ሰው እዚያ ውስጥ ሊጨፍር ነው ወይ አሉ። ከዚያ የባልና ሚስቱን መኝታ ቤት አልፈው በሚቀጥለው በር ላይ ቆሙ።

"ይሄ የማነው?"

"የቢላል ነው እማማ።"

"ቢላል የት ነው?"

"ድሬዳዋ።"

"ይሄኛውስ?"

"የሰልሳቢል።"

"እሷስ?"

"ጅማ ናት። ስትጨርስ የት እንደምትመደብ እንጃ።"

"ያኛውስ ትንሹ?"

ኢሊያስ ፕላኑን አየ። "የእንግዳ ነው።"

"እንግዳው የት አለ?"

"ይመጣል፣ እማማ። ቤቱ ተሠርቶ ይለቅ እንጂ ይመጣል።"

"እኔ እስካሁን ያየሁት የሌለ ሰው ቤት ነው" አሉና ዞር አሉ። ዓይናቸው ከጀርባ ያለውን መስመር አገኘው። "ያስ?"

"ያ ስህተት ነው።"

"ጥላ ያለው ግን ስህተቱ ላይ ነው" አሉ፤ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ በመሐከለኛው በር ገብተው ተቀመጡ።

ጊዜው ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ ሳሎኑ ላይ ነድዷል። መጀመሪያ ባለቤቴ ወንበሯን ይዛ ሄደች። ከዚያ ጎረቤቶቹ ሄዱ። ጋሽ ሀብቴ መስመሯን ልይ እንደሚል ሰው ሄደና እዚያው ቀረ። ዙህራ የተቀቀለ ጎደሬና ዳጣ አዘጋጅታ ነበር፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ እንዲበላ ሥጋ የሚባል አላቀረበችም። ሳፋውን ይዛ ሳሎን ደፍ ላይ ትንሽ አመነታች፤ ሰው ወዳለበት ሄደች። እኔም ሄድኩ። በመጨረሻ ኢሊያስ ብቻውን በምንጣፉ መሐል፣ ፕላኑን ጭንቅላቱ ላይ እንደ ጥላ አድርጎ፣ በሚያምረው ሳሎኑ ውስጥ ቀረ።

"የቤቱ ጌታ!" አለው ጋሽ ሀብቴ ከወዲያ። "ሳሎኑ እንዴት ነው?"

"ሰፊ ነው!" አለ ኢሊያስ።

"ይታየናል!"

ሳቅ ሆነ። ኢሊያስ እንደ ምንም አምስት ደቂቃ ያህል ታገሠ። ከዚያ ተነሳ፤ በሳሎኑ በር ወጥቶ፣ በግቢው ዞሮ፣ ስህተት ነው ወዳለው ክፍል በበሩ ገባ። የተቀመጠው እማማ እልፍነሽ አጠገብ ነው። ሌላ ባዶ ቦታ አልነበረም። እሳቸው አንድ ጎደሬ ልጠው ዳጣ አስነክተው ሰጡት፤ ከዚያም የክፍሉን አየር ወደ ላይ ወደ ታች እያዩ፣

"ማጥፊያው የት ነው?" አሉ።

እኔና ዙህራ እየሳቅን ተደጋገፍን። ኢሊያስ ግን ጎደሬውን አስቀመጠ።

"እማማ፣ ካነሱት አይቀር ልናገር። የመብራቱን ነገር ቂም ይዤብዎታለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት።"

"አውቃለሁ። ዓይንህ ይናገር ነበር።"

"ማትሪኬን ጥለውብኛል።"

"ማትሪክህን የጣለህ ሒሳብ ነው። አስተማሪህ እዚህ አለ፣ ጠይቀው።"

ኢሊያስ ወደ እኔ ዞረ። የማንጎውን ቅጠል ማየት ጀመርኩ። እውነት ነበር፤ ልጁ ሒሳብ ላይ ፀሐይ ቢወጣለትም የሚያልፍ አልነበረም።

"እሺ ይሁን" አለ ኢሊያስ። "ግን ለምን ያጠፉት ነበር? ለቆጣሪው ብለው?"

"ቆጣሪው ምን አገባኝ? እናንተ አይደላችሁ ወይ የምትከፍሉት?" አሉ እማማ እልፍነሽ። ሁለት እጃቸውን ከዘራው ላይ ደራረቡ። "ሰውዬው ከሞተ በኋላ ማታ ማታ ሳሎን ብቻዬን እቀመጥ ነበር። እናንተ ከሥራ ትመጣላችሁ፣ በራችሁን ትዘጋላችሁ። ሳቃችሁ ይሰማኛል። አንድ ማታ የከተማው መብራት ጠፋ። ሁላችሁም ተንጫጭታችሁ ወጣችሁ፣ በረንዳዬ ሞላ። አንተ አባትህ ከስልጤ በእግር የመጣበትን አወራህ። ይሄ መምህር የጎጃም ዘፈን ዘፈነ፣ ድምፁ አያምርም። እቺ ልጅ እየሳቀች ጭኔ ላይ ተኛች። በነጋታው መብራቱ ሳይጠፋ ቀረ፤ ማንም አልወጣም። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ። ሦስት ሰዓት ሲሆን ተነስቼ አጠፋሁት።"

እማማ እልፍነሽ አንድ በአንድ አዩን።

"ታዲያ ምን ላድርግ?" አሉ ቆጣ ብለው። "ኑ አጫውቱኝ ብዬ ልለምናችሁ? አከራይ ነኝ እኮ!"

ኢሊያስ ይሳቅ ወይስ ያልቅስ ጠፍቶት ፊቱን በሁለት እጁ አሸ። እኔም ያን በረንዳ፣ ያን ፋኖስ፣ ሁልጊዜ ሳንወጣ ተቀቅሎ የሚጠብቀንን ጎደሬ አየሁ። ሳይቀቅሉት መብራቱን አጥፍተው አያውቁም ነበር። ስድስት ዓመት ተጋብዘን ኖረናል፤ ያልገባን እኛ ነን።

ከዚያ ኢሊያስ ቀና ሲል ዙህራን አያት። እሷ አንገቷን ደፍታ፣ የተላጠውን የጎደሬ ልጣጭ እንደገና ትልጣለች። ረጅም ጊዜ አያት።

"ዙህራ።"

"አቤት።"

"ተበላ በምሄድ ቀን ምን ትሠሪያለሽ?"

"ምን እሠራለሁ? ሬዲዮ እሰማለሁ።"

"የትኛውን?"

ልጣጩን አስቀመጠች። "ሁለቱንም" አለች።

ሌላ ነገር አልጠየቃትም። ሊጠይቃት ቢፈልግም ጊዜ አልነበረም፤ ዳሞታ ቃሉን ጠበቀ። መጀመሪያ አንድ ትልቅ ጠብታ ሳፋው ውስጥ ወደቀ፣ ከዚያ ሰማዩ በአንዴ ተከፈተ። ሰዉ ወንበሩን ጭንቅላቱ ላይ ገልብጦ ሮጠ። ባለቤቴና ዙህራ ምንጣፉን በአራት ማዕዘን ይዘው ሮጡ። እማማ እልፍነሽ ግን በኢሊያስ ክንድ ተደግፈው፣ በዚያ ዝናብ ውስጥ፣ "በበር! በበር ውሰደኝ!" እያሉ በበር ወጡ።

በማግስቱ ጠዋት ስንሄድ መሬቱ ታጥቦ ጠቁሯል። ዋናው ቤት ችካልና ሲባጎ ስለነበረው ቦታው ይታወቃል። ከጀርባ ግን፣ ያ በእጅ ብቻ የተሰመረው፣ ምንም አልቀረም፤ ጭቃና የማንጎ ቅጠል ብቻ ነው። ጋሽ ሀብቴ የኖራውን ቆርቆሮ ይዞ ኢሊያስ ፊት ቆመ።

"ሐጂ፣ ዛሬ እጄን አስሬ ልያዛት ወይስ ልልቀቃት?"

ኢሊያስ ቆርቆሮውን ከእጁ ተቀበለው፤ ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ከማንጎው ሥር ጎንበስ አለና ራሱ ማስመር ጀመረ። በሕይወቱ ኖራ በኪሎ ሸጧል እንጂ አስምሮ አያውቅም። መስመሩ እንደ ጅረት ይጠማዘዛል። ጋሽ ሀብቴ "ኧረ ጎበጠች!" እያለ ከኋላው ይከተላል፣ ኢሊያስ ደግሞ ሳይዞር ትእዛዝ ይሰጣል።

"ሦስት ክፍል አልፈልግም። አንድ ትልቅ ክፍል ነው፣ መታጠቢያው ከውስጥ። ቆጣሪው ለብቻው። ማጥፊያው ከውስጥ፣ ከአልጋው ራስጌ፤ ሰማህ? ከእኔ ቤት አንድ ሽቦ እንኳ እንዳይመጣ።"

"ሰማሁ።"

"ልብስ የፈለጉ ቀን ይጠቡ።"

"እሱን እንኳ እኔ አልገነባውም" አለ ጋሽ ሀብቴ።

ኢሊያስ ክፍሉን ጨርሶ ቀና አለ፣ ወገቡን ያዘ። ከዚያ እንደገና ጎንበስ አለና ከክፍሉ በር አንድ ሌላ መስመር ጀመረ። መስመሩ በግቢው ተሻግሮ፣ የማድ ቤቱን ጎን ይዞ፣ ዞሮ እስከ ሳሎኑ በር ድረስ ሄደ። ቆርቆሮው ውስጥ ኖራ ሊያልቅ ሲል ከታች በእጁ እየዛቀ በተነው።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለ ጋሽ ሀብቴ።

"በረንዳ ነው። ለሁለቱም አንድ።"

"ከቤቷ ሊበልጥ ነው እኮ!"

"ይብለጥ።"

ዙህራ ከማድ ቤቱ ቦታ ተነስታ በአዲሱ መስመር ውስጥ እየተራመደች እስከ ሰርቪሱ በር ሄደች፣ ተመለሰች። "የማድ ቤቱ መስኮት ወደዚህ ይዙር" አለች ለጋሽ ሀብቴ። ከዚያ ባሏ አጠገብ ስታልፍ የኖራውን እጁን በነጠላዋ ጫፍ ያዝ አድርጋ ጠረገችለት፤ እሱም "ነጠላሽን አበላሸሽ" ብሎ ተቆጣት። በሃያ ምናምን ዓመት ትዳራቸው ውስጥ ሰው ባለበት እጁን ስትይዘው ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ፕላኑ ተሻሽሎ እስኪጸድቅ ጥቂት ሳምንት ፈጀ። አሁን ብሎኬቱ መስኮት ደርሷል። ኢሊያስ ተበላ መሄዱን አልተወም፤ ከዚያ ሲመለስ ግን ቤት ከመግባቱ በፊት ግንባታው ላይ ይወርዳል፣ ዙህራም እዚያ ትጠብቀዋለች። ሠራተኞቹ ሻይ የሚጠጡት እዚያ ገና ባልተሠራው በረንዳ ላይ ነው። እማማ እልፍነሽ በየአሥራ አምስት ቀኑ በባጃጅ እየመጡ ሥራው ዘገየ ብለው ጋሽ ሀብቴን ይገስጹታል።

ባለፈው ሳምንት ሱቁ ውስጥ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ወጣት ገባች። ማኅሌት ትባላለች፤ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ከደብረ ብርሃን ተመድባ መጥታ ገና ሁለተኛ ወሯ ነው። ጓጉንቸር ፈለገች።

"ለኪራይ ቤት ነው?" አላት ኢሊያስ።

"አዎ፣ ጋሼ። የአሁኑን ልለቅ ነው፤ እንዲያው ለጊዜው የምገባበት አንድ ክፍል አገኘሁ።"

ኢሊያስ ጓጉንቸሩን ከመደርደሪያው አወረደ፤ ሳይሰጣት በእጁ መዘነው። ስለሚሠራው ሰርቪስ ነገራት፣ እንደማያፍርበት ዓይነት ዕቃ፤ ጥላው፣ መታጠቢያው፣ ሚስቱ ዙህራ። ልጅቱ ብዙ ቤት የለቀቀች መሆኗ ያስታውቃል፣ ጥያቄዎቿ ተዘጋጅተው ነው የሚመጡት። ውሃ በየስንት ቀኑ ነው? እናቴ ብትመጣ ታድራለች ወይ? በሩ ስንት ሰዓት ይዘጋል? ኢሊያስ አንድ በአንድ መለሰ።

"መብራትስ?" አለች በመጨረሻ። "ስንት ሰዓት ነው የሚጠፋው?"

ኢሊያስ ወደ ኋላ ዞሮ በሽቦ የተሰኩትን ዘጠኝ ጓጉንቸሮች አየ። እኔንም አየኝ። ከዚያ ወደ ልጅቱ ተመለሰ።

"እሱ ያንቺ ጉዳይ ነው፣ ማጥፊያው አንቺ ዘንድ ነው" አላት። "የከተማው የጠፋ ጊዜ ግን ውጪ፤ በረንዳው ላይ ሰው አለ።"